ዶሮ ሳትነሳ ባጃጅ አይወጣ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም። በእኛ ሰፈር በረት ከጠፋ ቆየ፤ በየበረቱ ቦታ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶ ተከራይ ገብቶበታል። ስለዚህ ተረት ተረት ስላችሁ «የኪራይ ቤት» በሉኝ፤ እኔም ልቀጥል።

ደሴ ውስጥ የውብዳር የምትባል ባለግቢ አለች። አጥራችን አንድ ነው። ወሬ እንኳን አልወድም፤ ወሬው ግን እኔን ይወደኛል፣ አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ባሏ ዳምጤ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንበኛ ነበር። ግቢው ውስጥ አንዷን ክፍል ሠርቶ አከራየ፣ በእሷ ኪራይ ሁለተኛዋን ሠራ፣ በሁለተኛዋ ሦስተኛዋን። እንዲህ እንዲህ እያለ በአጥሩ ጥግ ለጥግ ክፍል ደረደረ። ከዚያ እሱ ሄደ፣ ክፍሎቹ ቀሩ። የውብዳር የምትበላው በእነሱ ነው።

ቤት ማከራየት ቁጭ ብሎ መብላት የሚመስለው ካለ፣ አከራይቶ አያውቅም። ተከራይ ሲገባ አምፖል ይዞ አይመጣም፤ ሲወጣ ግን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ቧንቧ ከፍቶ ይረሳል፣ አንዱ በር ሳይዘጋ ይወጣል። አንዱ በጊዜ ይተኛል፣ አንዱ ቴሌቪዥን ያስጮሃል። ሲጣሉ የሚመጡት የውብዳር ዘንድ ነው፤ ሲታረቁ የሚነግራት የለም።

ከክፍሎቹ ሁሉ አንዷ ትለያለች። የውብዳር ራሷ የምትኖርበት ዋናው ቤት ፊቱ ላይ ፎቅ ተተክሎበት እስከ ቀትር ፀሐይ አያይም። የመጨረሻዋ ክፍል ግን ከፎቁ ጎን አሾልካ ታያለች፤ ገና ሲነጋ ፀሐይዋ በመስኮቷ ገብታ ወለሉ ላይ ትነጠፋለች። ዳምጤ መስኮቷን ሲከፍት «ይቺ የልጄ የአራስ ቤት ናት» ብሎ ነበር። ያኔ ልጃቸው ማስተዋል ገና ፊደል ትቆጥር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በኅዳር ማስተዋል ከሠመራ ደወለች። አግብታ እዚያው ነው የምትሠራው።

«እማዬ፣ መውለጃዬ ደርሷል። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«እሰይ! ነይ እንጂ! የመጀመሪያ ልጅ የት ሊወለድ ነው፣ እናት ቤት እንጂ!»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች ማስተዋል። ድምጿ ቀጠነ። አምና አንድ ፅንስ ወርዶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ስትጠይቅ ፈራ ተባ እያለች ነው። «አባዬ የሠራት ክፍል... ልጄን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የማሞቅባት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ክፍሏማ ያንቺው ናት! ማን ይነካታል!» አለች የውብዳር፣ እንባዋ እየመጣ። ስልኩን ዘግታ ስታበቃ ነው ጋሽ ሙሄ ትዝ ያላት።

ጋሽ ሙሄ ልብስ ሰፊ ነው። ባለፀሐይዋን ክፍል ተከራይቶ፣ የስፌት መኪናውን መስኮቷ ሥር ገትሮ ይኖራል። ዓይኑ ደከም ስላለ ያቺ ብርሃን ናት እንጀራው። የውብዳር ሄዳ በሩ ላይ ቆመች፤ ጨርቁን አየች፣ መቀሱን አየች፣ ጣሪያውን አየች።

«ምነው የውብዬ፣ ጣሪያው አፈሰሰ እንዴ?»

«ኧረ አላፈሰሰም። ማስተዋል ልትወልድ ትመጣለች።»

«አልሐምዱሊላህ! በሽልም ያውጣት በያ!» አለና ብድግ አለ። ሙሄ ሞኝ አይደለም፣ መስኮቷን አየት አደረገ። «ገባኝ። እኔ ልውጣ። ለማስተዋልማ! ጥርሷን ስትነቅል እኮ ጣሪያ ላይ የወረወርኩላት እኔ ነኝ። ግን ወዴት ልሂድ? ሁለተኛዋን ክፍል ስጪኝ። እሷ ደግሞ እስከ አንገቷ ሽንኩርት ናት። እኔ ለራሴ ምንም አይደለም፤ የሰፋሁት የሙሽራ ቀሚስ ሽንኩርት ሽንኩርት ካለ ግን ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ታለቅሳለች።»

ተጀመረ! ሽንኩርት ሳይወጣ ሙሄ አይገባ፣ ሙሄ ሳይወጣ ማስተዋል አትገባ።

ሽንኩርቱ የዘምዘም ነው። ዘምዘም ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ሦስተኛዋ ክፍል ትተኛለች፣ ሁለተኛዋን ለሽንኩርቷ ተከራይታለታለች። ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ዘመን ሽንኩርት ለብቻው ክፍል አለው፣ ጉድ እኮ ነው! የውብዳር ስትነግራት ዘምዘም እጇን ደረቷ ላይ ጣለች።

«ውይ እትዬ! ለማስተዋል ሽንኩርቴን አይደለም፣ ዓይኔንም አልሰስት ወላሂ! ግን ደጅ ላሳድረው? ይሄ የኅዳር ውርጭ አንድ ሌሊት ካገኘው ጠዋት ለአህያም አይሆን። ያቺ የቆርቆሮ ዳስ ብትለቀቅልኝ ዛሬውኑ አግዘዋለሁ። ዳሷ ውስጥ ግን የደርቤ ባጃጅ ቆሟል።»

ባጃጅ ሳይወጣ ሽንኩርት አይገባ፣ ሽንኩርት ሳይወጣ ሙሄ አይገባ፣ ሙሄ ሳይወጣ ማስተዋል አትገባ።

ደርቤ ባለ ባጃጁ ልጅ እግር ነው፣ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ቅቤ ነው። ባጃጁ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ እስከዚያው የሰው ባጃጅ በፈረቃ ይነዳል። የውብዳር ከሥራ ሲገባ በር ላይ ያዘችው።

«ደርቤ፣ ያንን ባጃጅህን መቼ ነው የምታነሳልኝ?»

«እትዬ፣ ዕቃው ከመጣ ቆየ እኮ! መካኒኩም ‹ወደ ደጅ አውጣውና ልሥራልህ› እያለ ነው።»

«ታዲያ አታወጣውም!»

«እስቲ ይምጡ» አለና ዳሱ ውስጥ አስገብቶ ሸራውን በቀስታ ገለጥ አደረገ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ገብስማ ዶሮ ተነፋፍታ ተቀምጣለች። የውብዳርን በአንድ ዓይኗ ገላመጠቻት። «ተሳፋሪ ናት» አለ ደርቤ። «እንቁላል አቅፋለች። ሒሳብ አትከፍል፣ ወራጅ አትል። የእማማ ጦቢያ ናት። ‹ብትነካት ተራግሜሃለሁ› ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ የምውል ሰው ነኝ እትዬ፣ እርግማን አልችልም።»

ዶሮ ሳትነሳ ባጃጅ አይወጣ፣ ባጃጅ ሳይወጣ ሽንኩርት አይገባ፣ ሽንኩርት ሳይወጣ ሙሄ አይገባ፣ ሙሄ ሳይወጣ ማስተዋል አትገባ።

እማማ ጦቢያ አራተኛዋ ክፍል ናቸው። ልጅ የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፤ ያቺ ገብስማና ጸሎታቸው ብቻ። የውብዳር ገና አፏን ስትከፍት መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ።

«ያቀፈች ዶሮ አትነሳም!»

«እማማ፣ ልጄ ቅዳሜ...»

«ልጅሽ ልትወልድ ነው ብለሽ የሷን ልጆች ልትፈጂ ነው? አንቺም እናት፣ እሷም እናት!»

 አምና ማስተዋል በስልክ «እማዬ፣ አልሆነም» ያለቻት ቀን መጣባት መሰለኝ፣ የውብዳር የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እማማ ጦቢያ ደነገጡ። መቋሚያውን ጥለው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አታልቅሺ እንጂ። ምን አልኩሽ እኔ? ዶሮ መቼም ጨርሶ አትነሳም አይባልም። ሙቀትና ጨለማ ካገኘች፣ ማታ ማታ ሲል፣ ከነቅርጫቷ ቀስ አድርጌ በእጄ አነሳታለሁ። ቦታው ግን ኩሽና ነው፣ ከምድጃው ጥግ። ኩሽናው ደግሞ...» ብለው በአገጫቸው ወደ ኩሽናው በር አሳዩ።

ኩሽናው ደግሞ ተቆልፏል።

ቆይ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ላብራራ። የግቢው ብቸኛ ኩሽና የሲስተር ፋንታዬ ነው። ፋንታዬ አዋላጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ አምስተኛዋን ክፍል ከነኩሽናው ተከራይታለች። ግን መቼም «የኔ ነው» ብላ አታውቅም፤ በሩ ወለል ብሎ ነበር የሚውለው። ሙሄ ሻዩን እዚያ ያፈላል፣ ዘምዘም ወጧን እዚያ ትሠራለች፣ ደርቤ እዚያ ይሞቃል፣ እማማ ጦቢያ ቆሏቸውን እዚያ ይቆላሉ። የውብዳርም ማታ ማታ እዚያው ነበረች። ፋንታዬ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት የውብዳርን «እማዬ» ነበር የምትላት፣ «አንቺ» እያለች።

ታዲያ አንድ ቀን ፋንታዬ አዳሩንም ቀኑንም ሥራ ላይ ውላ ማታ ገብታ፣ ድካም ጥሏት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን እንደለኮሰች እንቅልፍ ወሰዳት። ፊውዙ ነደደ፣ ግቢው ጨለመ። የውብዳር ያን ቀን ጠዋት ከውሃ መሥሪያ ቤት ተጣልታ፣ ከሰዓት ከቆርቆሮ ሠራተኛ ተጣልታ ነው የመጣችው። መሃል ግቢ ቆመች፣ ሁሉም እየሰማ ጮኸች፦ «ድሮም ተከራይ ዘመድ አይሆንም! ዛሬ አለ፣ ነገ የለም!»

እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሰማሁ፤ ለእኔ ያልተባለ ቃል እኔን አመመኝ። ሙሄ መቀሱን አስቀመጠ። ዘምዘም ወደ ቤቷ ገባች። ፋንታዬ የምድጃውን ገመድ ነቀለች። በማግስቱ ኩሽናው ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠለች። «ተከራይ ከሆንኩ የተከራየሁትን ልያዝ፣ ወይዘሮ የውብዳር» አለች። «እርስዎም መብትዎን ይያዙ።» ወይዘሮ! እርስዎ! ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢው ውስጥ ሁሉም በየደጁ ከሰል እያቀጣጠለ ብቻውን ይበላል።

እንግዲህ አንድ ላይ በሉኝ። ኩሽና ሳይከፈት ዶሮ አትነሳ፣ ዶሮ ሳትነሳ ባጃጅ አይወጣ፣ ባጃጅ ሳይወጣ ሽንኩርት አይገባ፣ ሽንኩርት ሳይወጣ ሙሄ አይገባ፣ ሙሄ ሳይወጣ ማስተዋል አትገባ።

የውብዳር ራሷ ትሂድ? አትሄድም! ሙሄን ላከችው። ሙሄ ሽማግሌ ነው፣ አፉም ይጣፍጣል፤ ኮፍያውን አስተካክሎ ሄዶ የፋንታዬን በር አንኳኳ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ምን አለችህ?» አለች የውብዳር።

«ሻይ ሰጠችኝ።»

«ሻዩን ተወው! ቁልፉንስ?»

«‹ጋሽ ሙሄ፣ ከእርስዎ ጋር ምንም ጸብ የለኝም› አለች። ‹በሩ የተዘጋው በቃል ነው፤ የሚከፈተውም በቃል ነው። የተናገረው አፍ ራሱ ይምጣ።› እውነቷን ነው የውብዬ። እኔም ያን ቀን እዚያ ነበርኩ፤ እኔም ተከራይ ነኝ።»

ይሄን ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። የውብዳር ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ አጥሩ ጋ መጣች። እኔ እንኳን ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ አጥሩ ጋ የቆምኩት በአጋጣሚ ነው።

«እስቲ ፍረጂኝ» አለችኝ። «በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ቤቴ! ልጄ ነገ ወዲያ እየመጣች፣ ሁሉም አስቸገረኝ።»

«ማን ነው ያስቸገረሽ?» አልኳት።

«ሙሄ ነዋ!»

«ሙሄ ምን አደረገ? ሽንኩርት ይዞት ነው።»

«እንግዲያው ሽንኩርቱ!»

«ሽንኩርቱ ምን አደረገ? ባጃጅ ይዞት ነው።»

«እሺ ባጃጁ!»

«ባጃጁ ምን አደረገ? ዶሮ ይዛው ነው። ዶሮዋስ ምን አደረገች? ኩሽና አጥታ ነው። ኩሽናውስ ምን አደረገ? ቁልፍ ይዞት ነው። ቁልፉስ ምን አደረገ? ቃል ይዞት ነው። ቃሉስ፣ የውብዳር፣ ቃሉ ከማን አፍ ወጣ?»

 የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች «እኔ እኮ አከራይ ነኝ» አለች። «ዕድሜዬ... በልጄ ዕድሜ ላለች ተከራይ ደጅ ልቁም? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን ይልሻል? ሰው እኮ እኔ ነኝ! እኔ ምንም አልልሽም» አልኳት። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ እውነት ነው። ግን ልጅሽ መንገድ ላይ ናት፤ አፋፉንም ቢሆን መውጣት ነው እንግዲህ።»

ቃል ሳይመለስ ቁልፍ አይመጣ፣ ቁልፍ ሳይመጣ ኩሽና አይከፈት፣ ኩሽና ሳይከፈት ዶሮ አትነሳ፣ ዶሮ ሳትነሳ ባጃጅ አይወጣ፣ ባጃጅ ሳይወጣ ሽንኩርት አይገባ፣ ሽንኩርት ሳይወጣ ሙሄ አይገባ፣ ሙሄ ሳይወጣ ማስተዋል አትገባ። እስትንፋሴ አለቀ!

በማግስቱ ጠዋት ፋንታዬ ከአዳር ሥራ ስትገባ፣ የውብዳር በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ባዶ እጇን አይደለም። የግቢውን በር ደግፋ የምትኖረውን ያቺን ድንጋይ አንስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድንጋዩን ጫንቃዋ ላይ ተሸክማ ነው። በእኛ አገር ገዳይ ከሟች ወገን ሲታረቅ፣ ልጅ አባቱን አስቀይሞ ሲመለስ ነው እንዲህ ድንጋይ የሚሸከመው። አከራይ ለተከራይ ስትሸከም እኔ ከተፈጠርኩ አይቼ አላውቅም።

«ፋንታዬ» አለች። «ተከራይ ዘመድ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ዳምጤ የሞተ ዕለት አቅፈሽኝ ያደርሽው አንቺ ነሽ፤ ዘመድ የተባለው ሁሉ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ፊውዝ ተቃጠለ ብዬ ልብሽን አቃጠልኩት። ለኩሽናው አይደለም የመጣሁት። ኩሽናው ተቆልፎ ይቅር። ለልጄ ክፍሏም ትቅር። አንቺ ግን ይቅር በይኝ።»

ፋንታዬ ቦርሳዋን ጣለችው።

«ኧረ በማርያም! እማዬ፣ አውርጂው! ወገብሽን ትሰብሪያለሽ፣ አውርጂው እያልኩሽ!»

እማዬ አለቻት፣ አንቺ አለቻት! እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ሙሄ በመስኮቱ አለቀሰ፤ ዘምዘም ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰችና «ሽንኩርቱ ነው» አለች። ሁለቱ ድንጋዩን ተጋግዘው አወረዱት፣ ተጋግዘውም ወደ በሩ መለሱት። ከዚያ ፋንታዬ ከአንገቷ ክር ላይ ቁልፉን አወለቀች። አስባችሁታል? የኩሽና ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራው ነው የከረመችው።

«መቼ ነው የምትመጪው እያልኩ ስጠብቅሽ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ በሬን አታንኳኪም?»

ከዚህ በኋላማ ማን ያቁመው! ቃሉ ቁልፉን አመጣ፣ ቁልፉ ኩሽናውን ከፈተ። ፋንታዬ ምድጃውን አሞቀች፣ ፊውዙን ግን ሙሄ ቆሞ ጠበቀ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እማማ ጦቢያ እየጸለዩ ገብስማዋን ከነእንቁላሏ አነሱ። ዶሮዋ አንድ ጊዜ «ቋ» አለች፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን፣ እሷ ግን ከምድጃው ጥግ ስትደርስ ክንፏን ዘርግታ ረጋ አለች። ኩሽናው ዶሮዋን ተቀበለ፣ ዶሮዋ ባጃጁን ለቀቀች። ደርቤ እየዘለለ ባጃጁን ገፍቶ አወጣ፣ መካኒኩም መጣ። ባጃጁ ዳሱን ለቀቀ፣ ሽንኩርቱ ዳሱ ውስጥ ገባ። ሽንኩርቱ ክፍሏን ለቀቀ፣ ሙሄ ክፍሏ ውስጥ ገባ። ክፍሏ ታጠበች፣ በሎሚ ተፈተገች፣ እንደገና ታጠበች፤ ሽታው ግን እስከ ዛሬ አለ፣ ሙሄም ማታ ሲገባ እስከ ዛሬ ያስነጥሰዋል። ሙሄ ባለፀሐይዋን ክፍል ለቀቀ። ሲለቅም መስኮቷ ላይ አዲስ ነጭ መጋረጃ ሰፍቶ ሰቅሎ ነበር።

ቅዳሜ ማስተዋል ገባች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መሃል ክፍሉ ላይ ቆመች፣ መስኮቷን ነካች፣ ግድግዳውን ነካች። «አባዬ» አለች ብቻ። እኛም ወደ ደጅ ወጣን።

አንድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ማስተዋልን ምጥ ያዛት። ፋንታዬ «ጊዜው ነው፣ ወደ ጤና ጣቢያ» አለች። ደርቤ የተጠገነውን ባጃጅ አስነሳ፤ ዶሮዋ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ማስተዋል ተቀመጠች። የቀረነው በእግራችን እየሮጥን ተከተልን፤ እማማ ጦቢያ ሳይቀሩ፣ በመቋሚያቸው እየተራመዱ፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«የት ነው ይሄ ሁሉ ሰው? ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው!»

ሙሄ ወደ ኋላ አለ። ዘምዘም ነጠላዋን ጎተተች፣ ደርቤ ቁልፉን ማገላበጥ ጀመረ። ያ ቃል በሩ ላይ እንደገና ቆመ። የውብዳር ግን ዞር ብላ የሙሄን እጅ ያዘች።

«ዘመዶቿ ናቸው» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ይሄ ክፍሉን የለቀቀላት አጎቷ ነው። ይቺ ለአጎቷ ሽንኩርቷን ያነሳችለት እህቷ ናት። ይሄ ለሽንኩርቱ ባጃጁን ያወጣው ወንድሟ ነው። እኚህ ለባጃጁ ዶሮአቸውን ያነሱት አያቷ ናቸው። ውስጥ ያለችው አዋላጅ ደግሞ ለዶሮዋ ኩሽናዋን የከፈተች ልጄ ናት። የበኩር ልጄ!»

ዘበኛው ከዶሮና ከሽንኩርቱ ምን እንደገባው እንጃ፤ የውብዳርን ፊት አይቶ በሩን ከፈተ። አንድ በአንድ ገቡ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

«እርስዎስ?» አለኝ።

«እኔ ጎረቤት ነኝ።»

«ጎረቤት አይገባም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማም ይሆን? እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ስረግመው፣ ከውስጥ እልልታው መጣ። የማስተዋል እናት እልልታ ይለያል፣ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ብድግ ብዬ እኔም አቀለጥኩት፤ ዘበኛውም «ምን ወለደች? ምን ወለደች?» እያለ ከእኔ ጋር ያጨበጭባል። ሴት ናት። ደህና፣ ሙሉ፣ ጩኸቷ የሚሰማ ሴት ልጅ።

በማግስቱ እማማ ጦቢያ ኩሽናው ውስጥ ገንፎውን ሲያገነፉ፣ ከምድጃው ጥግ ጫጩቶች ጪ ጪ አሉ። ያቺ አስቸጋሪ ገብስማ ልጆቿን ሁሉ ፈልፍላ ወደ ደጅ መራቻቸው።

አሁን በጠዋት ብትመጡ ታዩታላችሁ። ፀሐይዋ ከፎቁ ጎን አሾልካ በመስኮቷ ትገባለች፣ ማስተዋል ልጇን ገልጣ እግሯን እጇን ቅቤ እየቀባች ታሞቃለች። ከደጁ፣ መስኮቷ ሥር፣ ሙሄ የስፌት መኪናውን አውጥቶ ይሰፋል፤ «ና ውጭ ሆነህ ስፋ፣ ዓይንህ ይጎዳል» ብላ ያወጣችው ማስተዋል ናት፤ ፀሐይ ለሁለት ሰው ስትከፈል አታልቅም። ከእግሩ ሥር ገብስማዋ ከነልጆቿ ተዘርግታለች። የውብዳር ከኩሽናው ብቅ ትልና ሁሉንም ታያለች። አንድ ሰው ገብቶ «የሚከራይ ክፍል አለ?» ሲላት «የለም» ትለዋለች፤ «ሁሉም በዘመድ ተይዟል።»

ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ እዚያው ግቢ ተከራይቶ ይኑር። አፌን ግን በገንፎ አብሱልኝ፣ ቅቤውም ይብዛ፤ በር ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።